ተራራ የጋረዳት ከተማ፦ ቴሌቪዥን የመጽሐፍ ንባብን ገድሎታል?

«የዛሬ ልጅ መጽሐፍ አያነብም፤ ስልክ በላው» ሲባል ሳትሰሙ ያለፋችሁት ሳምንት አለ? እኔ ያለኝ አይመስለኝም። ክሱ ግን አዲስ አይደለም። ከስልክ በፊት ተከሳሹ ቴሌቪዥን ነበር፤ ከቴሌቪዥን በፊት ደግሞ ሬዲዮና ሲኒማ። ተከሳሹ በየዘመኑ ይቀያየራል፤ ሞተ የሚባለው ግን ያው መጽሐፍ ነው።

ምህንድስና ስለተማርኩ መሰለኝ፣ እኔን የሚከነክነኝ ክሱ ሳይሆን ማስረጃው ነው። አንድ ሰው ብዙ ቴሌቪዥን ያያል፣ ትንሽ ያነባል እንበል። ንባቡን ያስተወው ቴሌቪዥኑ ነው? ወይስ ሰውየው ድሮም ማንበብ ስለማይወድ ነው ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው? ወይስ ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ለምሳሌ ባደገበት ቤት መጽሐፍ የሚባል ነገር አለመኖሩ? ላብራቶሪ ውስጥ ቢሆን ቀላል ነበር፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ናሙናዎች ወስዶ አንዱን መንካት፣ ሌላውን እንዳለ መተው፣ ከዚያ ልዩነታቸውን መለካት። ከተማ ግን ናሙና አይደለም። አንዱን ከተማ «እናንተ ለአራት ዓመት ቴሌቪዥን አትዩ» ብንለው ማን ይሰማናል?

ደግነቱ ይህንን ሙከራ ማንም ሳያቅደው የሬዲዮ ሞገድ ራሱ ሠራው። ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ታሪኩን ልንገራችሁ። (ከአገራችን ውጭ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈቃድ የቆመባቸው አራት ዓመታት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመክፈት የማይፈልግ ባለሀብት አልነበረም። የነበሩት ቻናሎች ግን 12 ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ቻናል በተለያዩ ከተሞች ደጋግሞ መጠቀም ግድ ሆነ። ችግሩ ሞገዱ በተባለበት ቦታ የሚቆም አለመሆኑ ነው። የአየሩ ጠባይ ሲመቸው በታችኛው ከባቢ አየር ውስጥ እየታጠፈ ከታሰበው ርቀት አልፎ ይሄዳል። እናም በአንድ ቻናል የሚሠሩ የሁለት ከተሞች ጣቢያዎች እርስ በርስ መረባበሽ ጀመሩ።

የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በመስከረም 1948 «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን እናጥና» ብሎ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ጥቂት ወራት ይፈጃል የተባለው ጥናት እስከ ሚያዝያ 1952 ድረስ ተጎተተ። በመሃሉ ምን ተፈጠረ? ከእገዳው በፊት ፈቃድ ያገኘ ጣቢያ በአቅራቢያቸው ያለ ከተሞች ቴሌቪዥን ያያሉ። በሕዝብ ብዛትም ሆነ በኑሮ ከነሱ የማይለዩ ሌሎች ከተሞች ደግሞ ያለ ቴሌቪዥን ይጠብቃሉ። ማን ቀድሞ አገኘ፣ ማን ዘገየ የሚለው ነገር ከንባብ ፍቅር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ተመራማሪ በሕልሙ የሚያየው ሙከራ ማለት ይሄ ነው።

ይህንን ዕድል የተጠቀመበት ኤድዊን ፓርከር ነው። በ1963 ባሳተመው ጥናት በኢሊኖይ ግዛት ቴሌቪዥን ቀድሞ የደረሳቸውንና የዘገየባቸውን ከተሞች ወስዶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻቸውን መዝገብ አነጻጸረ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰዎችን «ምን ያህል ታነባለህ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያነበውን የማያጋንን ሰው ጥቂት ነው። የውሰት መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም፤ መጽሐፉ ወጥቷል ወይም አልወጣም። ደግሞም መዝገቡ የተሞላው ስለ ጥናቱ ማንም ሳያስብ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ቴሌቪዥን ሲገባ የተዋሱ መጻሕፍት ቁጥር ወረደ። መጀመሪያ ቀድመው ባገኙት ከተሞች፣ ከዚያ ተራቸው ሲደርስ በዘገዩት። ቅናሹ በነዋሪ ሲካፈል በዓመት ከአንድ መጽሐፍ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። ግን መዝገቡ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የወረደው በዋናነት ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ያልሆኑት፣ ማለትም የታሪኩ፣ የሳይንሱ፣ የሙያው መጽሐፍ፣ ብዙም አልተነኩም።

ይህ ለምን ሆነ? አንድ ሠራተኛ ማታ ደክሞት ይገባል፤ አእምሮውን ለማሳረፍ ቀላል የወንጀል ወይም የፍቅር ታሪክ ይዋሳል። ያንን ሥራ ቴሌቪዥን በትንሽ ድካም ይሠራለታል። ጎረቤቱ ደግሞ የትራክተሩ ሞተር አስቸግሮት መጽሐፍ ቢዋስ፣ ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራለትም ሞተሩ አይነሳም። አዲሱ መሣሪያ ቦታውን የሚቀማው ያንኑ ሥራ ከሚሠራው አሮጌ መሣሪያ ነው። ትራንዚስተር የቫኪዩም ቱቦን ቦታ ወሰደ እንጂ የመዶሻን አልወሰደም።

የኖሪች ልጆች

በዚያው ዘመን እንግሊዝም ተመሳሳይ አጋጣሚ ነበራት። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሂልደ ሂመልዋይትና ባልደረቦቿ በአራት ከተሞች 1,854 ልጆችን አጠኑ፤ ቴሌቪዥን የሚያዩትንም የማያዩትንም። ኖሪች ላይ ግን የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። ማሰራጫው የተተከለው በ1955 ስለነበር ልጆቹን ከቴሌቪዥን በፊትና በኋላ ማየት ቻሉ። በ1958 የወጣው መጽሐፋቸው እንደሚለው፣ ቴሌቪዥን ቤት ሲገባ ንባብ መጀመሪያ ላይ ይቀንሳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አብዛኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚያ ላይ አንድ መጽሐፍ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ ልጆች መጽሐፉን ፍለጋ ይሄዱ ነበር።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ ዊልበር ሽራምና ጓደኞቹ ቴሌቪዥን ያላትንና የሌላትን ሁለት ከተሞች አነጻጽረው በ1961 አሳተሙ። እዚያም ቴሌቪዥን በዋናነት ያፈናቀለው የኮሚክ መጽሔትን፣ ሬዲዮንና ሲኒማን ሆኖ ተገኘ። መጽሐፍና ጋዜጣ ብዙም አልተነቃነቁም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ወሬ መልካም ነው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ቀጣዩን ሳላነሳ ካቆምኩ ታሪኩን ግማሹን ብቻ የነገርኳችሁ ይሆናል።

«መጣ! … ሄደ!»

ድሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞረ ወይም ከታች ሆኖ «መጣ! መጣ! … ኧረ ሄደ!» እያለ የጮኸ ሰው በቤታችሁ አይጠፋም። የዚያን ጊዜው የአሜሪካና የካናዳ ቴሌቪዥን ከ54 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ባለው ድግግሞሽ ይሰራጭ ነበር። የሞገዱ ርዝመት ሲሰላ ከአምስት ሜትር ተኩል እስከ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ይህን የሚያህል ሞገድ ከተራራ ፊት በጣም ትንሽ ነው። ዞሮ ወይም ታጥፎ ማለፍ ስለማይሆንለት ከተራራው ጀርባ ጥላ ይፈጠራል፤ ልክ እንደ ፀሐይ ጥላ። ማሰራጫውና አንቴናው ካልተያዩ ምስል የለም።

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት እንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ የወደቀች ትንሽ ከተማ ነበረች። መንገድ አላት፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት አላት። ነዋሪዎቿ ቴሌቪዥን የጠሉ አክራሪዎችም አይደሉም። ሸለቆ ውስጥ ስለተቀመጠች ብቻ እስከ 1973 ድረስ ምስል አልደረሳትም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ታኒስ ማክቤት ዊሊያምስ ይህንን የሰማችው በዚያው ዓመት በጋ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ማሰራጫ ሊተከል እንደሆነም አብራ ሰማች። ጊዜ አልነበረም። የተመራማሪ ቡድን ተሰባስቦ ቴሌቪዥኑ ሳይገባ ልኬቱን ለመውሰድ ተሯሯጠ።

የነዋሪዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ከተማዋን «ኖቴል» አሏት፤ ቴሌቪዥን የለም ለማለት። ለንጽጽር ሁለት ተመሳሳይ ከተሞች ተመረጡ። አንደኛዋ የካናዳን ብሔራዊ ጣቢያ ብቻ የምታይ ናት፤ «ዩኒቴል» ተባለች። ሌላዋ ከዚያ በተጨማሪ የአሜሪካን ትልልቅ ጣቢያዎች የምታይ ናት፤ «መልቲቴል»። ሦስቱንም በ1973 ለኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው እንደገና ለኩ።

የንባብ ልኬቱ ደስ የሚል ነው። ልጁ ፊት ቃል ወይም ሐረግ ለቅጽበት ብቻ ብልጭ ይላል፤ ታኪስቶስኮፕ በሚባል መሣሪያ። ፊደል ቆጥሮ የሚያነብ ልጅ ሳይጨርስ ይጠፋበታል። ቃሉን እንደ ሰው ፊት በአንድ ዓይን የሚለይ ልጅ ግን ይይዘዋል። የሚለካው እንግዲህ መጽሐፍ መውደድ ሳይሆን ንባቡ ምን ያህል «እንደፈሰሰ» ነው።

ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት የኖቴል የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሌሎቹ ሁለት ከተሞች ካሉት እኩዮቻቸው የተሻሉ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈተኑት የኖቴል አዲስ የሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ ማለትም ማንበብ መማር ሲጀምሩ ቴሌቪዥን ቤታቸው የነበረው፣ ያ ብልጫ አልነበራቸውም። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ቀድመው ማንበብ የለመዱት ልጆች ግን የያዙትን አልጣሉም። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ቴሌቪዥን የንባብ ችሎታን ያጠፋል የሚል አይደለም። የንባብ መፍሰስን ያዘገያል፤ አንዴ የፈሰሰ ንባብ ግን አይደርቅም የሚል ነው።

ይሄ እንዴት ይሆናል? «ሀ ሁ» ስትቆጥሩ የነበረውን ጊዜ አስታውሱ። «ለ … ም … ለ … ም» እያላችሁ ጣታችሁን ከፊደል ፊደል ስታንፏቅቁ፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያው ይረሳችኋል። አእምሮ ያለው የትኩረት አቅም ውስን ነው፤ ሁሉም ፊደል ለመለየት ከዋለ ለትርጉሙ የሚተርፍ የለም። በዚያ ደረጃ ላይ ንባብ ደስታ አይደለም፣ ጉልበት ሥራ ነው። ከዚያ የሚያወጣው መንገድ ልምምድ ብቻ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ደጋግሞ ማየት። አሁን እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ምንም ድካም የማይጠይቅ፣ ወዲያው የሚያስቅ ሳጥን አስቀምጡ። የስምንት ዓመት ልጅ የቱን ይመርጣል? የአሥራ ስምንት ዓመቱ አንባቢ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ለእሱ ማንበብም እንደ ማየት ቀላል ሆኗልና። ለትንሹ ልጅ ግን የተወሰደበት ሰዓት መጽሐፍ የሚያነብበት ሳይሆን አንባቢ የሚሆንበት ሰዓት ነው።

ፓርከርም ሂመልዋይትም ያዩት እውነት ነው፤ ኖቴልም እውነት ነው። የለኩት የተለያየ ነገር ነው። የውሰት መዝገብ ላይ ያለው ሰው ድሮውኑ አንባቢ ሆኗል።

(የኖቴል ጥናት በ1986 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ የያዘው ንባብን ብቻ አልነበረም። የልጆች የፈጠራ ፈተና ውጤት ወርዷል፤ በጨዋታ ሜዳ ላይ መማታትና መሰዳደብ ጨምሯል፤ ሰው ወደ ስፖርትና ወደ ከተማው ዝግጅቶች መውጣት ቀንሷል። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ጽሑፎች ይወጣቸዋል።)

በኋላ ሆላንድ ውስጥ ሴስ ኮልስትራና ቶም ፋን ደር ፎርት የሚባሉ ተመራማሪዎች 1,050 ልጆችን በአንድ በአንድ ዓመት ልዩነት ሦስት ጊዜ እየለኩ ተከታተሉ። ብዙ ቴሌቪዥን የሚያዩት ልጆች የመጽሐፍ ንባባቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ኮሚክ ማንበባቸው ግን አልተነካም። ምክንያቱን ሲፈትሹ ሁለት ነገር አገኙ። ልጆቹ መጽሐፍን አሰልቺ አድርገው ማየት ጀምረዋል፤ መጽሐፍ ላይ በትኩረት የመቆየት ችሎታቸውም ተዳክሟል። እስኪ ይህንን ከስልካችሁ ጋር አያይዙት። የምታወጡት ሰዓት ላይ ብቻ አታተኩሩ፤ ከስልኩ ተነስታችሁ መጽሐፍ ስትከፍቱ አምስተኛው ገጽ ላይ የሚሰማችሁን ነገር አስቡ።

ከዚሁ ጥናት የወጣ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አለ። የውጭ ፊልሞች ከሥር በጽሑፍ ተተርጉመው ሲቀርቡ፣ እነሱን የሚያዩ ልጆች ቃላትን የመለየት ችሎታ አደገ። ሳይታወቃቸው እያነበቡ ነበራ! እኛ ጋ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ ሲያቀርብ ኖሯል። ድምፁን መተካት ማንበብ ለማይችል ተመልካች በር ይከፍታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በድምፁ ፋንታ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ቢያልፍ ኖሮ ስንት ሚሊዮን ዓረፍተ ነገር ይነበብ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አሰላለሁ። መሐንዲስ ምን ይደረግ።

ተራራ የማይጋርደው ሞገድ

እስካሁን ያወራሁት መጽሐፍ ቀድሞ የተደላደለባቸው አገሮች ስላዩት ነገር ነው። የእኛ ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀው ደግሞ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮ ከሁለቱም ይቀድማል። ስለዚህ ሬዲዮ ሲመጣ ከብዙው ሰው እጅ የሚቀማው መጽሐፍ አልነበረም።

ሬዲዮኑ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነበር የሚሰራጨው። የመካከለኛው ሞገድ ርዝመት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ስለሆነ መሬቱን ተከትሎ ይታጠፋል። አጭሩ ሞገድ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ በአዮኖስፌር ተንጸባርቆ ይመለሳል። ቴሌቪዥን የማይደርስበት ገደል ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል ማለት ነው። በዚህ ሞገድ ላይ ነው እንግዲህ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው ዝግጅት የመጣው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ገና ፊደል የቆጠረ ሰው ደፍሮ የሚያነሳው አይደለም። በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የማይችለውም፣ የሚችለውም፣ መጽሐፉን ያላገኘውም እኩል ሰማው። ታሪኩ የሚጀምረው ጎጃም ነው፤ ድምፁም ጎጃም ድረስ ገባ። ዛሬም በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ሲያወራ የወጋየሁን ድምፅ እያስመሰለ ነው። መጽሐፉን እጁ ያስገባ ሰው ራሱ ገጹን ሲገልጥ በጆሮው የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነው።

ፖል ላዛርስፌልድ ስለ አሜሪካ ሬዲዮና ንባብ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቁም ነገር ያላቸውን ዝግጅቶች በብዛት የሚያዳምጡት ድሮም የሚያነቡት ሰዎች መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። እኛ ጋ ግን አንድ ልብ ወለድ አንባቢዎቹን በብዙ እጥፍ የሚበልጡ አድማጮች አገኘ። የትረካው አሠራርም እዚህ ላይ ወሳኝ ይመስለኛል። በቀጠሮ ይመጣል፣ ቁራጭ ያሰማል፣ ልብ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ወደኋላ መመለሻ ቁልፍ የለውም። ያመለጠውን ክፍል የፈለገ ወይም የሚቀጥለውን መጠበቅ ያቃተው ሰው የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ። የዛሬው ስልክ በተቃራኒው የተሠራ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ወደ መጽሐፍ የሚያሻግር ክፍተት አይተውም።

እንግዲህ ስለ ስልኩ እንደ ኖቴል ያለ ሙከራ ዛሬ መሥራት ይቻላል? ሳተላይቱም ማማውም በዝቶ ጥላ ውስጥ የቀረ ከተማ ማግኘት እየከበደ ነው። የፓርከር መንገድ ግን አልተዘጋም። 4ጂ አዲስ አበባ ውስጥ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ የክልል ከተሞች ያገኙት ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ። ልክ እንደ ኢሊኖይ ከተሞች። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ብዙዎቹም መጽሐፍ ሲያውሱ ትልቅ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ቀን፣ ርዕስ፣ ፊርማ። የናንተ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ መደርደሪያ ላይ ካለ፣ ኔትወርኩ የገባበትን ወር ከነዋሪ ጠይቃችሁ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓመታት ልብ ወለዱን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ እያደረጋችሁ ቁጠሩ። አቧራ አለው፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያዙ።